ስድብ ያለበት መጽሐፍ ክፍል ይግባ?

በ1579 እ.ኤ.አ. ገደማ አፄ ሠርፀ ድንግል ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ስሜን ተራሮች ወጡ። የተነሡት ረዳኢ በሚባለው የቤተ እስራኤል መሪ ላይ ነበር። ዘመቻውን በግዕዝ የከተበው የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነውና የሚጽፈው ከንጉሡ ወገን ቆሞ ነው፤ አምባውን የያዙትን ሰዎች በንቀት ይጠራቸዋል፣ ሽንፈታቸውንም የእግዚአብሔር ፍርድ አድርጎ ይተርከዋል። በዚያው ትረካ መካከል ግን አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። ተማርካለች፤ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሯል። ገደል አፋፍ ሲደርሱ የአምላኳን ስም ጠርታ ዘለለች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወረደች። ጸሐፊው የጠላት ወገን መሆኗን ረስቶ ጀግንነቷን ያደንቃል፤ እንደ እርሷ ያደረጉ ሌሎችም እንደ ነበሩ ይጨምራል።

ስሟ አልተጻፈም። ታሪኳ የደረሰን ወገኖቿን ከሚያዋርድ ብዕር ነው።

ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። የደባርቅ ወይም የዳባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ የሚያየው ተራራ ታሪክ ይኸው ነው። መምህሩ ገጹን ይስጠው? ቢሰጠው፣ አያቶቹ በዚያ የንቀት ስም ሲጠሩ የኖሩ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ቢያስቀረው፣ ከስድቡ ጋር ሴትዮዋም ትቀራለች። በሌላው ዓለም ይህ ክርክር የሚደረገው በአብዛኛው በልብ ወለድ ላይ ነው። ልብ ወለዶቹ እዚህም አሉ፤ ይመጣሉም። ጎንደር ላይ ግን ነገሩ ከልብ ወለድ ይቀድማል፤ ከዜና መዋዕሉ፣ ከተጓዦች መጽሐፍ፣ እንዲያውም ከግንቡ ድንጋይ ይጀምራል።

አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ከግንበኞቹ፣ ከአናጺዎቹና ከቀጥቃጮቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሙ ወደ አዲስ ዓለም ወረደ፤ የቤተ እስራኤሎቹ ሰፈር ካይላ ሜዳ ተባለ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን ከጎረቤት ወጥቶ ቤቱ ወደደም ጠላም የተሸከመው ነው። ካይላ፣ ፈላሻ፣ በእጅ ሥራቸው ደግሞ ጠይብ፣ ከሁሉም የከፋው ቡዳ። ቀን ብረት የሚቀጠቅጠው ሰውና ሸክላ የምትሠራው ሴት ሌሊት ጅብ ሆነው ሰው ይበላሉ የሚለው እምነት ከዚህ አገር ደጋ ገና ጨርሶ አልጠፋም። ሕፃን ሲታመም፣ ላም ወተቷ ሲነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነርሱ ነበር። የሚገርመው፣ ገበሬው እንዲህ የሚፈራው ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው፣ እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ የምታቀርብለትን ሴት መሆኑ ነው።

እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሐጋር ሳሎሞን ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ሰዎችን አነጋግራ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ የጅቡን ስድብ ይዞ ነው የወጣው። ውስጡ ግን ከስድቡ የሰፋ ነው። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ገበያ የዋሉ፣ በለቅሶና በሠርግ የተገናኙ፣ ግን ምን አብሮ እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ትዝታ ነው። በዘመቻ ሙሴ ከ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ 8 ሺህ ያህል ሰው በሱዳን በኩል ወጣ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዘ። የቤተ እስራኤል መንደሮች የነበሩት አምቦበርና ወለቃ ከቀድሞ ነዋሪዎቻቸው ባዶ ቀሩ፤ የጎብኚ መመሪያዎች ግን ወለቃን በዚያው በአሮጌው ስም ማስተዋወቃቸውን ቀጠሉ። ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራቸውን ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦች በጎንደር ከተማ አሉ፤ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ይውላሉ። ስለዚህ በጎንደር «አያቶቹ የተሰደቡበት ተማሪ» ሲባል ለክርክር የተፈጠረ ሰው አይደለም።

እርሱ ብቻም አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከደቡብ የተነዱ ባሮች በጎንደር በኩል ወደ መተማ ገበያ ይወርዱ ነበር፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የቀረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» የሚሉት ስድቦች ግን አዋጁን አልሰሙም። ስለ ቅማንት ሕዝብ ሲጠና እስከ ዛሬ ሳይጠቀስ የማይታለፈው የፍሬድሪክ ጋምስት የ1969 እ.ኤ.አ. ጥናት እንኳ ሕዝቡን በርዕሱ ላይ አረመኔ ብሎ ነው የሚጀምረው። የጭልጋ ቅማንት ልጅ ስለ ራሱ ወገን ለማንበብ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ በደጁ የሚቀበለው ያ ቃል ነው።

እነዚህ ቃላት እዚህ በግልጽ የተጻፉት ስለ ምን እንደሚወራ አንባቢ እንዲያውቅ ነው። ክፍል ውስጥ ምን ይደረግባቸው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። የማርክ ትዌይንን «ሐክልቤሪ ፊን» በ1885 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲያግደው ምክንያቱ ዘረኝነት አልነበረም፤ ባለጌና ያልታረመ አነጋገር የበዛበት ነው ተብሎ ነበር። ጥቁሮችን የሚያዋርደው ቃል ጥያቄ የሆነው ቆይቶ፣ የጥቁሮች ልጆች ከነጮቹ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ ሲጀምሩ ነው። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ ስድብ ስድብነቱ ለአስተማሪው የሚታየው ተሰዳቢው ፊቱ ሲቀመጥ ነውና። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ የአላባማ አሳታሚ ያንን ቃል 219 ቦታ ላይ «ባሪያ» በሚል ተክቶ አዲስ እትም አወጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሚኒሶታ የዱሉዝ ትምህርት ቤቶች ይህንንና የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ከግዴታ ንባብ አውጥተው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አኖሯቸው።

የአላባማው እትም ቢያንስ ያደረገውን በይፋ ተናግሯል። ችግሩ ሌላ ነው። የትዌይን መጽሐፍ ጉልበቱ፣ ያንን ቃል ከአፉ የማይለይ፣ ኮብላይ ባሪያን መርዳት ገሃነም ያስገባል ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ገሃነም ልግባ ብሎ ጓደኛውን ጂምን ላለማስያዝ መቁረጡ ላይ ነው። ልጁ ገና ከመጀመሪያው አንደበቱ የታረመ ከሆነ የተሻገረው ነገር የለም።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ክርክር ከሩቅ ሆኖ፣ የነጭና የጥቁር ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እንግዲያው ኤቭሊን ዋን ያንሣ። ይህ እንግሊዛዊ ደራሲ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ በዓል ሊዘግብ አዲስ አበባ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ብላክ ሚስቺፍ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ፤ አዛኒያ በሚል የፈጠራ አገር ውስጥ በአውሮፓ የተማረ ጥቁር ንጉሠ ነገሥት አገሩን አሠለጥናለሁ ሲል ይሳለቅበታል፤ መጨረሻው ሰው በላዎች ያዘጋጁት ግብር ላይ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የጣልያንን ወረራ ሊዘግብ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም በ1938 እ.ኤ.አ. «ስኩፕ»ን ጻፈ፤ በእንግሊዝ አገር ስለ ጋዜጠኞች ከተጻፉት ሁሉ እጅግ አስቂኙ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነበባል። በእርግጥም ያስቃል። የጎንደር ተማሪ ግን እየሳቀ ድንገት የሚሳቅበት ራሱ መሆኑን የሚያውቅበት ገጽ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሚወጣው ትኩሳት፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የሠርፀ ድንግልን ዜና መዋዕል ስታነብ ከሚሰማት ጋር አንድ ነው። አንዱን «ቅርስ ነው»፣ ሌላውን «ዘረኝነት ነው» ብሎ መለየት በየት በኩል ይቻላል? የአማራ ክልል መምህር ዋን ከማውገዙ በፊት መጻሕፍቱን ከገዛ መደርደሪያው አውርዶ ቢያያቸው ይበጃል።

ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲማር መምህራኑ ጆይስ ኬሪ የጻፈውን «ሚስተር ጆንሰን» አስነበቧቸው፤ አንድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሹም የነበረ ሰው ስለ ናይጄሪያ የጻፈው፣ አውሮፓ ያደነቀው ልብ ወለድ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ደስ ያሰኘው ዋናው ገጸ ባሕርይ የተገደለበት ቦታ ብቻ እንደ ሆነ ለመምህሩ ተናገረ። አቼቤ ከዚያ ክፍል የያዘው ቁጭት በ1958 እ.ኤ.አ. «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሆኖ ወጣ። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአምኸርስት ባደረገው ንግግር የጆሴፍ ኮንራድን «ሃርት ኦቭ ዳርክነስ» ዘረኛ መጽሐፍ ነው ብሎ ፊት ለፊት ከሰሰ። ይታገድ ግን አላለም፤ እንዲያውም እርሱም ያስተምረው ነበር። በኢባዳን የሆነውን ልብ ማለት ይገባል፤ መጥፎው መጽሐፍ ፍሬ የሰጠው ተማሪው መልስ መስጠት ስለ ተቻለው ነው። አስተማሪው ዝም በል ቢለው ኖሮ የሚቀረው ቁስሉ ብቻ ነበር።

ከአማርኛ ልብ ወለዶች መካከል በዚህ ጥያቄ ፊት በመጀመሪያ የሚቆመው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል፤ ስለዚህ በውስጡ ያሉት የንቀት ቃላት በየሳሎኑ፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው በተቀመጡበት ተሰምተዋል። እነዚያ ቃላት ግን በልብ ወለዱ ባላባት አፍ የተቀመጡት ሌላው ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ እንዲሟገታቸው ነው። ባለእጁን እየናቀ በእጁ ሥራ የሚኖር ማኅበረሰብ ምን ያህል ራሱን እንደሚያታልል ጉዱ ካሳ ከሁሉ ቀድሞ ያያል፤ ለዚህም ነው የዲማ ሰዎች እብድ የሚሉት። ስድቦቹን አንድ በአንድ ለቅሞ የሚያወጣ አራሚ ቢመጣ፣ የጉዱ ካሳ ሙግት ባላጋራ ያጣል፤ ሰውዬውም በከንቱ የሚለፈልፍ ይመስላል። በዜና መዋዕሉ ጸሐፊና በሐዲስ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ አንዱ ቃሉን ያምንበታል፣ ሌላው ቃሉን ለፍርድ ያቀርበዋል። የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ይህን ልዩነት ያለ መምህር ያየዋል ብሎ መተማመን ግን ራስን ማሞኘት ነው።

ሁሉም ስድብ እኩል እንደማያሳስበንም መታየት አለበት። የቋራው ካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ገና ሽፍታ ሳለ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው እንደ ናቁት፣ ካሣም ድል አድርጎ ሲማርካቸው ኮሶ እንዳጠጣቸው የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። ቴዎድሮስን የሚመለከቱ ልብ ወለዶችና ቴአትሮች ብዙ ናቸው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል። የትውልድ ስድብ ነው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ይውጣ ያለ ወላጅ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። የተሰደበው ሰው ንጉሠ ነገሥት ስለ ሆነ ስድቡ ጌጡ ሆነለት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን በታሪኩ መጨረሻ የምትቀዳጀው ዘውድ የላትም፤ ስድቡ ነገ ገበያ ላይም ይጠብቃታል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስቡ መጻሕፍትም አሉ። የጋሞው አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ኦሮሞ መስፋፋት የጻፉት የግዕዝ ድርሰት «ዜናሁ ለጋላ» ይባላል። ርዕሱ ዛሬ በአደባባይ የማይነገር ስም ነው፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኦሮሞ በሚለው የሕዝቡ ስም ተተክቷል። ድርሰቱ ስለ ገዳ ሥርዓት ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ አባ ባሕርይም የራሳቸውን ወገን አልማሩትም፤ አገሩን በአሥር መደብ ከፍለው የሚዋጋው አንዱ ብቻ ስለ ሆነ ነው የተሸነፍነው ይላሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይህን ሥራ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአማርኛ ትርጉምና ማብራሪያ ጋር ሲያሳትሙት፣ በግዕዙ ውስጥ ያለውን ሳያጠፉ በራሳቸው ሽፋን ላይ «ኦሮሞችን» ብለው ጻፉ። አባ ባሕርይ የጻፉት በቦታው አለ፤ አሳታሚው በራሱ አንደበት የሚናገረው ደግሞ የዛሬውን ነው።

በሌላ በኩል ኦኔሲሞስ ነሲብ አሉ። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው በምፅዋ ነፃ የወጡ፣ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ሰው ናቸው። በ1894 እ.ኤ.አ. ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ በእንግሊዝኛ በተጻፈው ርዕሱ ላይ ያንኑ ስም ይዟል። ማንም ሰው «ቃሉ ያለበት ሁሉ ይውጣ» የሚል ቁርጥ ያለ መመሪያ ቢያወጣ፣ ለኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ መሠረት የጣለው መጽሐፍ ከጄምስ ብሩስ የጉዞ ትረካ ጋር አብሮ ይወረወራል። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስ ከሞቱ አንድ ዓመት ሊሆን ነበር፤ የንጉሡ እናት ውቢት ኦሮሞ ነበሩና በኢዮአስ ዘመን በቤተ መንግሥቱ የሚሰማው ኦሮምኛ እንደ ነበር የመዘገበልን ይኸው ሰው ነው፤ የሚጠቀመውም ያንኑ ስም ነው። የጎንደር ግንብ ኦሮምኛ የተናገረበት ዘመን እንደ ነበር ተማሪው ማወቅ አይገባውም?

ይፋግ የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም እዚህ መነሣት አለባቸው። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» መጽሐፋቸው እያንዳንዱን ሕዝብ ከየት መጣ እያለ ሲተርክ በዘመኑ የስም አጠራር ነው፤ እርሳቸው ራሳቸው ደግሞ መናፍቅ ተብለው የተከሰሱና መከራ ያዩ ሰው ናቸው። ሲሰደብ የኖረ ሁሉ የሌላውን ስድብ አይቶ ይሸሸዋል ማለት አይደለም።

እገዳን በተመለከተ አገራችን በቂ ልምድ አላት፤ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በደርግ ዘመን ታገዱ፤ ሁለቱም ከእጅ ወደ እጅ መነበባቸው አልቀረም። ያ እገዳ የመንግሥት ፍርሃት ያመጣው ነው፤ የዛሬው ጥያቄ የሚመጣው ግን ከወላጅ ነውና በተመሳሳይ መልስ አይመለስም።

ወላጁ የሚለው ይህን ነው፤ ልጄ ያንን ስድብ በመንገድ ይሰማዋል፣ በገበያ ይሰማዋል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በመንግሥት ማኅተም አጽድቆ ሊያሰማው ነው? ይህ ከባድ ሙግት ነው፤ «ታሪክ ነውና ቻለው» የሚለው የተለመደ መልስ አይበቃውም። ቻለው የሚባለው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነውና። ልጁ በአራተኛ ክፍል እንዲህ ያለ ገጽ ሊገጥመው አይገባም፤ በዚያ ዕድሜ ቃሉን ከክፍሉ ይዘውት የሚወጡት ለጨዋታ ሜዳ ነው። ከስድብ በቀር ምንም የማይገኝባቸውን መጻሕፍት ከግዴታ ንባብ አውጥቶ እንደ ዱሉዝ በቤተ መጻሕፍት ማኖርም ነውር የለበትም፤ ስንት ጥሩ መጽሐፍ እያለ ለእነርሱ የሚባክን ክፍለ ጊዜ የለም። መምህሩም ያንን ልጅ አስነሥቶ «እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ» ብሎ የወገኑ ጠበቃ ሊያደርገው መብት የለውም።

ለቀሩት፣ ማለትም አስተማሪነታቸው ከጉዳታቸው ለሚበልጥ መጻሕፍት፣ ጎንደር ከሩቅ የምትበደረው ዘዴ የለም። በአብነት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቻውን አይሰጥም። ተማሪው ንባቡን ያወጣል፤ መምህሩ ቃሉን እያነሣ ይተረጉማል፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ይጨምራል፤ ማን እንደ ተናገረው፣ ለማን እንደ ተናገረው፣ ለምን እንደ ተናገረው ይጠይቃል። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች አንዱን ቃል በተለያየ መንገድ ፈትተው ለትውልድ አስተላልፈዋል፤ የታች ቤትን ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ የጎንደር ዘመን ሰው ናቸው። በዚህ ሥርዓት ንባቡ አይነካም፤ ብቻውን ግን አይቆምም። አስቸጋሪ ንባብ ሲመጣ መምህሩ ፈጥኖ ያልፈዋል ማለት ዘበት ነው፤ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ከተማ እየተማረ የሚያስተምር ከሆነ የመምህሩ መምሪያ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ሊኖረው ይገባል፤ ቃሉን የተናገረው ማን ነው፣ በማን ላይ ነው፣ የተሰደቡት ራሳቸውን ምን ብለው ይጠራሉ፣ በዚያው ዘመን ምን ጻፉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቤተ እስራኤሎች ዝም ያሉ ሕዝብ አይደሉም። ጸሎታቸውን በግዕዝ ያደረሱ፣ ገዳም የነበራቸው፣ ሰንበትን የሚያከብረውን «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ ያቆዩ ናቸው። የንጉሡ ጸሐፊም በግዕዝ ጻፈ፣ እነርሱም በግዕዝ ጸለዩ። ከዜና መዋዕሉ አንድ ገጽ ከትእዛዘ ሰንበት አንድ ገጽ ጋር ጎን ለጎን ቢቀርብ ተማሪው የሚያገኘው የተሰዳቢ ሥዕል ሳይሆን መጽሐፍ ያለው ሕዝብ ነው። የዋ ልብ ወለድ ሲነበብም አጠገቡ የዘውዱን በዓል ያዩ ኢትዮጵያውያን የጻፉት ቢቀመጥ እንዲሁ ነው።

ሕጉም አያግድም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለትምህርታዊ ጥናትና ለኪነ ጥበብ ሥራ በሩን ክፍት ትቷል። ስለዚህ መምህር ፈርቶ ገጹን በዝምታ ቢዘልል በአዋጁ ሊያመካኝ አይችልም። በዝምታ መቁረጥ ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው፤ ተማሪው ሙሉውን መጽሐፍ በስልኩ ያገኘው ዕለት የተቆረጠውን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ መምህሩንም ከዚያ በኋላ አያምነውም። የሚቆረጥ ነገር ካለ በሽፋኑ ላይ «ተቀንሶ የቀረበ» ተብሎ ይጻፍ።

ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ ክፍሉ የታጨቀ ነው፤ መጽሐፉ ለሁሉ አይዳረስም። በዚህ ሁኔታ በዓመት አስቸጋሪ መጽሐፍ ሁሉ ይነበብ ማለት ወሬ ነው። አንድ ቅንጫቢ ይበቃል፤ ለመጀመሪያው ሙከራም የሚመቸው የጉዱ ካሳ ሙግት ነው። መምህራኑ ያውቁታል፣ ቤተሰብ በሬዲዮ ሰምቶታል፣ ጸሐፊውም ከተሰዳቢው ወገን ቆሟል። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመደብለት፤ ተማሪዎቹ በልባቸው ያንብቡት፤ የንቀት ቃሉን ጮክ ብሎ እንዲያነብ የሚታዘዝ ልጅ አይኑር። ዜና መዋዕሉና ብሩስ ለዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪ ይቆዩ። የመምሪያውን ማብራሪያ የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ መምህራን ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ ረቂቁ ግን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች፣ በጎንደር ተራቸውን የሚጠብቁት ቤተሰቦችና የጭልጋ ሽማግሌዎች እጅ ገብቶ፣ ማንበብ ለሚችለው ተሰጥቶ፣ ለማይችለው ተነቦለት፣ የማይስማሙበትን መስመር በመስመር እንዲያስሰርዙ ወይም እንዲያስጨምሩ ጊዜ ይሰጣቸው።